የእትዬ እናና ክብሪት

የሩዝ ውቂያ አልቆ መፈልፈያዎቹ ሥራ ሲበዛባቸው ወረታ በሙሉ ያስላል። በየመፈልፈያው ጓሮ የተከመረው ገለባ ይቃጠላል፣ ጭሱ አይነሣም፣ እንዲሁ መሬት ለመሬት እየተሳበ ቤት ለቤት ይዞራል። ባለ ባጃጁ እያሳለ ይነዳል፣ ነጋዴው እያሳለ ይመዝናል፣ እኔ ጡረተኛው ደግሞ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ እያሳልኩ አላፊ አግዳሚውን እመለከታለሁ። ለብዙ የከተማችን ሰው ይህ ሽታ ጎተራ የሞላበት፣ ሠርግ የሚደገስበት ወራት ሽታ ነው። እኔን ግን ሁልጊዜ ወደ አንዲት ተማሪዬ ይወስደኛል፣ ወደ ትብለጥ። ዘንድሮ ደግሞ ሽታው ብቻውን አልመጣም። ባለፈው ማክሰኞ የትብለጥ እናት እትዬ እናና ምርኩዛቸውን እየጎተቱ በረንዳዬ ድረስ መጥተው አንድ ነገር ለመኑኝ። የለመኑኝን ማድረግ አልችልም። የማልችልበትን ምክንያት ልንገራቸው ብል ደግሞ በዚህ እድሜያቸው የሚሰብራቸውን ነገር መንገር ነው። እሁድ ውድድር ስላለ ከዚያ በፊት ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረብኝ።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ዕለት ነው። የትምህርት ቤቱን ሯጮች ዛሬ የምታሠለጥነው መምህርት ሰላም የምትባል ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ናት። ከሯጮቿ መካከል ቤዛ የምትባለው ልጅ አስም አለባት። ቤዛ ይህን አትደብቅም። በአፍ የሚነፋውን መድኃኒቷን፣ እነሱ ፓፍ የሚሉትን፣ በአደባባይ ነፍታ አፏን ጠርጋ ትሮጣለች፤ ጓደኞቿም ቁብ አይሰጣቸውም። እትዬ እናና በበኩላቸው በወረታ ሜዳ ሩጫ አለ ከተባለ ከማንም ቀድመው የሚገኙ ሰው ናቸው። መቀነታቸው ጫፍ ላይ ዘወትር አንድ ክብሪት ቋጥረዋል። ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ጭሱን ማሸተት በእኛ አገር የታወቀ ነው፤ የሚጥል በሽታ ነው ከተባለ ክብሪት፣ ራሱን ከሳተ ክብሪት፣ ምን እንደሆነ ካልታወቀም ያው ክብሪት። እናም ሰኞ ልምምድ ላይ ቤዛ ትንፋሽ አጥሯት ስትንበረከክ እትዬ እናና በዚያ በታመመ ወገባቸው ሮጠው ደረሱና ጫሩ። መምህርት ሰላም እጃቸውን መታ አስጣለቻቸው፣ ሰው ሁሉ እያየ። "ሊገድሏት ነው እንዴ!" ብላም ጮኸችባቸው።

"መምህር፣ እርስዎ ነበሩ እኮ" አሉኝ ማክሰኞ በረንዳዬ ላይ። "የኔዋ ስትወድቅ እርስዎ ሜዳው ላይ ነበሩ። ክብሪቱ ዘግይቶ መድረሱን ያዩ እርስዎ ነዎት። ይችን መምህርት አንድ ቀን ቁጭ አድርገው ይንገሩልኝ። ሰው ላድን ባልኩ እጄን ልመታ?"

"ልጅቷ ደንግጣ ነው እትዬ እናና። ክፋት የላትም።"

"ትደንግጥ። እኔም በእድሜዬ ስደነግጥ ነው የኖርኩ። ያን ቀን ክብሪት በጄ ቢኖር ኖሮ ትብለጤ ዛሬ የልጅ ልጅ ታሳየኝ ነበር። አስም ምናምን የሚሉት የዚችኛዋ ነው፤ የኔዋ ጤነኛ ነበረች። እንዲያው በድንገት ጣላት እንጂ። አይደለም እንዴ? ይንገሩልኝ በሞቴ።"

"አይደለም እንዴ?" ሲሉ ዓይኔን አዩኝ። እኔም ጣሪያውን አየሁ። "እሺ፣ አነጋግራታለሁ" ብዬ ሸኘኋቸው፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ወረታ ስመጣ ገና ጎረምሳ መምህር ነበርኩ፤ ከጎጃም ነው የመጣሁት። ከተማዋ ያኔ ከመገንጠያው ብዙም አታልፍም ነበር። የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚለያዩበት ጥግ ላይ አንድ ሻይ ቤት፣ ከሻይ ቤቱ ቀጥሎ አንድ ሙዚቃ ቤት፣ ከዚያ ወዲያ የጭነት መኪኖች የሚያድሩበት ጭቃ ሜዳ ነበር፤ በቃ። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል፣ አምባሻ ከተጨመረበት ሃምሳ ሳንቲም። የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ድምፅ ማጉያውን ደጅ አውጥቶ ያንኑ አንድ ካሴት ከጧት እስከ ማታ ያስጮኸዋል፤ ሲያልቅ በእስክሪብቶ አጠንጥኖ እንደገና ከመጀመሪያው። ዘፈኑ ስለ አንዲት ልጅ አረማመድ ነበርና የወረታ ልጃገረድ በሙሉ ለእሷ የተዘፈነ እየመሰላት በዚያ ጥግ ስታልፍ ቀጥ ትላለች፣ ትለሰልሳለች። ወንዱ የቴትረን ሱሪውን አስረዝሞ አቧራውን ይጠርግበታል። ኑሮው የተሻለ የሚባል ሰው ሸራ ጫማ አለው፤ ሸራው ሲቆሽሽ ከክፍል ጠመኔ አንሥተን እየቀባን ነጭ እናደርገዋለን፣ በዚህ የተነሣ ርዕሰ መምህሩ ጠመኔ እየቆጠረ ይሰጠን ነበር። የቀረው ኮንጎ ጫማ ያደርጋል። ዛሬ የቤዛና የጓደኞቿ መሮጫ ጫማ ስንት እንደተገዛ ሲነግሩኝ፣ በዚህ ዋጋ እኮ ያኔ በሬ ይገዛ ነበር እላቸዋለሁ። ይስቁብኛል፤ እውነቴን ነው ግን።

የእኔ ሀብት አንድ አረንጓዴ ቱታ ነበር፣ ኪሱ በዚፕ የሚዘጋ። በእሷው አስተምራለሁ፣ በእሷው አሠለጥናለሁ፣ ቅዳሜ አጥቤ ሰኞ እለብሳታለሁ። ሯጮቼን የማሠለጥነው አስፋልቱ ዳር ነው፤ ክረምት ፎገራ ውሃ ሲተኛበት ከመንገዱ በቀር ደረቅ መሬት አይገኝማ። በግራ በቀኝ ውሃ ነው፣ ከብቶቹ እስከ ሆዳቸው ገብተው ሣር ይነጫሉ፣ እኛ መሐል ላይ እንሮጣለን፣ የጭነት መኪና ሲመጣ ደግሞ ዘለን ረግረጉ ውስጥ እንገባለን። ስለ ሩጫ ያነበብኩት መጽሐፍ ስለ እርምጃ ርዝመትና ስለ ክንድ አወዛወዝ ያወራል እንጂ ስለ ወባ አንድ ቃል የለውም። የእኛ ቡድን ከሯጭ ይልቅ በሽተኛ ይበዛበት ነበር። ውሃው ሲጎድል ወባ ይነሣል፤ አንዱ ተሽሎት ሲመለስ ሌላው ይወድቃል፣ የተነሣውም ደሙ አልቆ ጉልበቱ ይብረከረካል። በሁዳዴ ልጆቹ እስከ ሰዓቱ ጾመው መጥተው ካልሮጥን ይላሉ፤ ዓይናቸው ሲጨልምባቸው ጥላ ሥር አስተኝቼ እግራቸውን ከፍ አደርጋለሁ። የጎን ውጋት፣ የጥፍር መግል፣ የጨጓራ ማቃጠል ነበር። ለዚህ ሁሉ መፍትሔው ክሊኒኩ ውስጥ የነበረ አንድ ሸምገል ያለ ድሬሰር ነው። ሰውዬው ቁጡ ነበር፤ በገባሁ ቁጥር "ሯጭ ነው ወይስ ሬሳ ያመጣህልኝ?" ይለኛል። ያን ጊዜ እስቅ ነበር።

ትብለጥ ከርብ ወንዝ ወዲህ ካለ ጎጥ በእግሯ እየመጣች የምትማር ልጅ ነበረች። እትዬ እናና ባላቸው ሞቶባቸው ሽንኩርት እያለሙ ይፋግ ገበያ ድረስ ወስደው ይሸጣሉ፤ አንድ ልጃቸው እሷው ናት። መልኳ ጠይም፣ ወሬዋ ጨዋታ፣ ንግግሯ ፈጣን ነበር። ስትሮጥ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ብቅ ታደርጋለች፣ ልጅ ፊደል ሲጽፍ እንደሚያደርገው። ስለዚህ ነገር ስንቴ ተቆጥቻታለሁ! "ትነክሽዋለሽ" እላታለሁ፤ "ጋሼ፣ ምላሴ ካልቀደመ እግሬ አይከተልም" ትለኛለች። ያኔ ነበር እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ የሩዝ መፈልፈያዎች ወረታ የገቡት፣ ጭሱም የመጣው ከእነሱ ጋር ነው። አንድ ጧት ልምምድ ላይ ወደ ኋላ ቀረች። ዞሬ ባያት ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ ብላለች፣ ደረቷ እንደ ፉጨት ይጮሃል፣ ትከሻዋ ከትንፋሿ ጋር ወደ ላይ ይነሣል። ክሊኒክ ወሰድኳት። ድሬሰሩ ጀርባዋ ላይ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠና ቁጣውን ትቶ ቀስ ብሎ "አስም ነው" አለን።

ልጅቷ ያለቀሰችው ያኔ ነው፤ ትንፋሽ አጥሯት እያለ እንኳ አላለቀሰችም ነበር። "ጋሼ፣ አስም አለባት ከተባልኩ ማን አብሮኝ በአንድ ጣሳ ይጠጣል? ማንስ ያገባኛል? እናቴማ ከእንግዲህ አታስሮጠኝም" አለች። እውነቷን ነበር። አስም በጣሳ ይተላለፋል ብሎ የማያምን ሰው ያኔ በወረታ ከድሬሰሩ በቀር አላውቅም፤ የተማርን ነን የምንለው መምህራን እንኳ ብርጭቋችንን እንለይ ነበር። ድሬሰሩ በአስም መሮጥ እንደሚቻል ነገረን፣ ከተጠነቀቁለት። ፓፏን ከጎንደር አስመጣልን። ደንቡንም አስተማረን፦ ከሩጫ በፊት ትንፋና ጥቂት ትቆይ፤ በአንዴ አትፍጠን፣ ሰውነቷን ቀስ እያለች ታሙቅ፤ በብርድ ጧት አፍና አፍንጫዋን በነጠላ ትሸፍን፤ ደረቷ ሲጠብቅ ጀግና ልሁን ሳትል ትቁም፣ ትቀመጥ፣ ትንፋ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከጭስ ትራቅ። ፓፏን የምይዘው እኔ ሆንኩ፣ ምክንያቱም የእሷ ቀሚስ ኪስ አልነበረውም፣ ደብተሯ መሐል ብታደርገው ደግሞ ልጆቹ ያገኙታል። ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ዞር ብላ ትነፋለች፣ ትመልስልኛለች፣ ዚፑን እዘጋለሁ። እንዲህ እያልን ዓመት ቆየን። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን አልወደቀችም፤ እንዲያውም እየፈጠነች ሄደች። ያ ዓመት በሕይወቴ በሥራዬ የኮራሁበት ዓመት ነው፣ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ ደስ ያለኝ ያመኛል።

የምርጫው ሩጫ የመጣው ውቂያ ባለቀ ሰሞን ነበር። አንደኛ የምትወጣ ልጅ ደብረ ታቦር ሄዳ ትሠለጥናለች፣ ትበላለች፣ ትማራለች፤ ቃል የተገባልን ይህ ነበር። እትዬ እናና ልጃቸው ስትሮጥ አይተው አያውቁም። ያን ቀን ግን አዲስ ነጠላ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ሹሩባ ተሠርተው፣ ሜዳው ጠርዝ ላይ ከሴቶች ጋር ተቀመጡ። መልከ መልካም ነበሩ፤ ሴቶቹ "የትብለጥ እናት" እያሉ ሲጠሯቸው አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ይስቃሉ። ከመገንጠያው ያ ዘፈን ይሰማል። በኖራ ያሰመርነው መስመር ነጭ ብሎ ይታያል። ትብለጥ ከዛፎቹ ጀርባ ነፍታ መጣች፣ ፓፏን ሰጠችኝ፣ ኪሴን ዘጋሁ። ሰዓት የሚይዝ ሌላ ሰው ስላልነበረ እኔ መጨረሻው መስመር ላይ ቆምኩ። መነሻው ላይ ነፋሱ ጭሱን ከሜዳው እያራቀ ወደ ሐይቁ ይነፍስ ነበር። ግማሽ ላይ ዞረ።

የገለባው ጭስ ከመፈልፈያው ጓሮ ተነሥቶ ሜዳውን ሲያቋርጥ አየሁት። ከእኔ ማዶ፣ ሴቶቹ ከተቀመጡበት ፊት ለፊት፣ ትብለጥ ቀድማ እየሮጠች ነበር። እርምጃዋ አጠረ። ቆመች፤ እንዳስተማርኳት ጎንበስ ብላ እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ከዚያ ተቀመጠች። ይህን ሁሉ በትክክል ነው ያደረገችው። የቀራት እኔ ደርሼ ፓፏን መስጠት ብቻ ነበር፣ እኔም ሰዓቱን ጥዬ ሜዳውን አቋርጬ እየሮጥኩ ነው። ያኔ አንድ ድምፅ ሰማሁ፦ "ክብሪት! ኧረ በእመብርሃን ክብሪት! ልጄን ጣላት!" ሕዝቡ እንዳለ ተነሣ። እኔ ስደርስ ትብለጥ አትታይም። ደግ ሰው ሁሉ ተደራርቦባታል። አንዱ ያቀብላል፣ አንዱ ይጭራል፣ ሦስት አራት እንጨት አንድ ላይ አንድደው የሚያጠፉም ነበሩ ጭሱ እንዲበረታ። የክብሪቱ ሽታ እኔን እንኳ አፈነኝ። "መድኃኒት አለኝ! ልቀቁኝ!" እያልኩ ስገፋ እነሱ "ዘወር በል፣ እናድናት" እያሉ ይመልሱኛል። አንድ ገበሬ አንገቴን ይዞ ጎተተኝ፤ ልጅቷን የምረግጣት መስሎት ነው። ከመሐል ገብቼ ስደርስ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ራሷ በእናቷ ጭን ላይ ነው፣ እናትየው በሁለት እጃቸው የሚጨስ ክብሪት አፍንጫዋ ሥር ይዘዋል። ፓፏን አፏ ውስጥ አደረግሁ። ነፋሁላት። ወደ ውስጥ የሚስበው ትንፋሽ ግን አልነበራትም። መድኃኒቱ በከንፈሯ ጥግ ተመልሶ ወጣ።

በጭነት መኪና ክሊኒክ አደረስናት፤ ከደረሰች በኋላ የሚሠራ ነገር አልነበረም። ድሬሰሩ እጁን ታጥቦ ውጭ ወጣና ግድግዳውን ተደግፎ "ጭሱ ነው የዘጋት" አለኝ። ክብሪት ያስመጡት እናቷ መሆናቸውን ስነግረው ዓይኑን ጨፈነ። ሦስተኛ የሰሙት የእትዬ እናና የንስሐ አባት ናቸው፤ እሳቸውም "ይህ ነገር ከዚህች ሴት ጆሮ እንዳይገባ፣ አለዚያ እሷንም አብረን እንቀብራታለን" አሉን። ይህን የምጽፈው ጥፋት ፍለጋ አይደለም። ዝም በማለታችን ያኔም አላፈርኩም፣ ዛሬም አላፍርም፤ ልቅሶው ላይ ያያቸው ሰው ሁሉ ዝም ይል ነበር። ፊታቸውን ነጭተው "ክብሪት ሳልይዝ ምን ልሠራ ሄድኩ? እስኪያመጡልኝ አለፈችብኝ!" ይሉ ነበር። የመጣውን ሰው እየለዩ "አንተ ክብሪት ያቀበልከኝ፣ እጅህ ይባረክ" እያሉ ይመርቃሉ። ተመራቂውም ራሱን ነቅንቆ ይቀበላል። ከሠልስቱ በኋላ ሲወጡ መቀነታቸው ላይ ክብሪት ቋጥረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ድሬሰሩም ሞተ፣ ቄሱም ሞቱ፣ ሙዚቃ ቤቱ ፈርሶ በቦታው የስልክ ሱቅ ተሠራ፣ መገንጠያው ባጃጅ በባጃጅ ሆነ። እትዬ እናና ጣራ ገዳም ሲሳለሙም፣ ገበያ ሲወጡም፣ ሠርግ ሲጠሩም ያው ክብሪታቸው አብሯቸው ነው። ሰው እንደ ጸባይ ለምዶታል፤ እንዲያውም ልጆቹ ይወዷቸዋል።

ሐሙስ መምህርት ሰላምን አገኘኋት። አሮጊቷን ለምን መታሽ ልላት ነበር የሄድኩት፤ እሷ ግን ቀድማ አለቀሰች። "ጋሼ፣ መምታቴ ይቆጨኛል። ግን ቤዛ ብትወድቅ እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ እሳቸውን የሚከተለው ሕዝብ ግን ሜዳ ሙሉ ነው። በድምፅ ማጉያ ብናገር ማን ይሰማኛል? ሰው እሳቸውን ነው የሚያምነው፣ ልጅ የቀበሩ ናቸውና" አለችኝ። ልጅቷን አታስሩጫት ልላት አሰብኩና ትብለጥ ክሊኒኩ ውስጥ ያለቀሰችው ትዝ አለኝ። ቤዛን ከሩጫ ማስቀረትስ በምን ጥፋቷ?

ዓርብ እትዬ እናና ቤት ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ሰፌድ ዘርግተው ሩዝ ይለቅማሉ። ወንበር አስመጡልኝ፣ ተቀመጥኩ፤ ስለ ወገቤ ጠየቁኝ፣ ስለ ወገባቸው ጠየቅኋቸው።

"ነገሩልኝ?" አሉ።

"አልነገርኩም። ለእርስዎ ነው የምነግረው። ትብለጥም አስም ነበረባት እትዬ እናና።"

"የኔዋ?"

"ሩጫ እንዳያስቀሯት ደብቃዎት ነው። መድኃኒቷን የምይዝላት እኔ ነበርኩ።"

ጠጠር አወጡና ጣሉ። ሌላ ጠጠር ፈለጉ። "እና?"

"አስም ያለበት ሰው ጭስ ሲገባበት ደረቱ ይዘጋል። ማንኛውም ጭስ።"

ጣቶቻቸው ሩዙ ውስጥ መሄዳቸውን አላቆሙም፣ ግን ምንም አይለቅሙም ነበር። ጎረቤት አንዲት ሴት ሰላምታ ሰጥታ አለፈች፤ እግዜር ይመስገን አሏት።

"ማነው ያን ቀን ክብሪት ያለ?" አሉኝ።

"ሰው ሁሉ ነው የጮኸው።"

"አይዋሹኝ መምህር። ሰው ሁሉ የጮኸ ከኔ በኋላ ነው። ድምፄን አውቀዋለሁ፣ ሲመሽ ሲነጋ ስሰማው ነው የኖርኩ።" ሰፌዱን ከጭናቸው አወረዱ። "ባይጨስባትስ ትድን ነበር?"

ይህን ጥያቄ ለራሴ ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። እግዜር ነው የሚያውቀው ልል እችል ነበር፤ የሚያስፈልጋቸውም እሱ ነበር ይሆናል። ግን እሁድ ቤዛ ትሮጣለች። "ትድን ነበር ብዬ አምናለሁ" አልኳቸው።

አላለቀሱም። ቢያለቅሱ በወደድኩ። መቀነታቸውን ፈተው ክብሪቱን አወጡና እንደ እንግዳ ነገር አገላብጠው አዩት። "እስከዛሬ ለምን አልነገሩኝም?"

"ይሞቱብናል ብለን ነው።"

"አሁንስ?" አሉ። "ያች ልጅ እሁድ ትሮጣለች?"

"ትሮጣለች።"

"እንግዲያው ይሂዱ። ይሂዱ በቃ" አሉኝ። ሄድኩ። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ሰው ልኬ አስጠየቅሁ፤ በራቸው እንደተዘጋ ነው አሉኝ። እዚያው ቤታቸው ሞተው ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ለአንዲት ልጅ ብዬ የሌላዋን እናት ገደልኩ እያልኩ አልጋዬ ላይ ተገላበጥኩ።

እሁድ ሜዳው ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። እትዬ እናና በቦታቸው፣ ጠርዙ ላይ፣ ቆመዋል። መቀነታቸው ላይ ቋጠሮ የለም። ሰላምታ ብሰጣቸው አላዩኝም፤ ዓይናቸው ቤዛ ላይ ነው። ቤዛ ጥሩ ሮጠች። እየመራች እያለ፣ ያው የገለባው ወራት ነውና፣ ከመታጠፊያው ላይ ደረቷን ይዛ ቀረች፣ ተንበረከከች፣ ወደ ጎኗ አዘነበለች። ሕዝቡ ልክ እንደ ድሮው ተነሣ። "ክብሪት! ክብሪት ያለው!" የሚለው ጩኸት ከሁሉም አቅጣጫ መጣ። ባለ ባጃጆች ከኪሳቸው እያወጡ ሮጡ።

እትዬ እናና ቀደሟቸው። ምርኩዛቸውን ጥለው ልጅቷ ፊት ቆሙና እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘረጉ። "እንዳትነኳት! ዘወር በሉላት! ትተንፍስ!" አሉ። አንድ ጎልማሳ ክብሪት ጭሮ በብብታቸው ሥር ሊያልፍ ሲል በእጃቸው መቱት። "ጭስ ነው ልጄን የገደላት! ሌላ ማንም አይደለም፣ እኔ ነኝ! ክብሪት አምጡ ያልኩ እኔ ነኝ! በገዛ እጄ ነው አፍኜ የገደልኋት፣ ስሙኝ!" ሕዝቡ ባለበት ደርቆ ቀረ። የበራው እንጨት በሰውዬው ጣት ላይ ነዶ አለቀ። ከጀርባቸው መምህርት ሰላም ቤዛን አስቀምጣ ፓፏን አፏ ላይ አድርጋ "ሳቢ፣ ሳቢ፣ ጎሽ" ትላለች። ልጅቷ ሳበች። ደግማ ሳበች። ቆይታ ቀና አለችና ውሃ ጠየቀች።

ቤዛ በመምህርቷ ትከሻ ተደግፋ ከሜዳው ወጣች። ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ እየተንሾካሾከ ተበተነ፤ አንዳንዱ እያማተበ፣ አንዳንዱ ወደ ኋላው እያየ። እትዬ እናና ግን ልጅቷ ተኝታበት የነበረውን ባዶ ሣር ከልለው እንደቆሙ ናቸው። "ኧረ ዘወር በሉላት" ይላሉ፣ በማይሰማ ድምፅ፣ የሚገፋቸው ሰው በሌለበት። ሄጄ የተዘረጋውን ክንዳቸውን ያዝኩ፣ ላወርድላቸው። አልወርድ አለኝ።